የቀየቷ ትዕግሥት ፊርማ

ውጤት የተለጠፈው ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። እኔ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜያለሁ።

የአዋላጅ ነርስነት ተማሪ ነበርኩ፤ ሁለተኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር። ትውልዴ ግሼ፣ ራቤል ነው። ወላጆቼ ገብስ ዘርተው፣ በግ አርብተው የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ባለ የግል ኮሌጅ ልጅ የሚያስተምሩበት አቅም የላቸውም። ያስተማረኝ ከመንዝና ከግሼ የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር ነው። ውሉ ግማሽ ገጽ አይሞላም፦ በማንኛውም ሴሚስተር አማካይ ውጤቷ ከሦስት ነጥብ በታች የወረደች ተማሪ ትሰናበታለች። አሁን ዝቅ ብል ከርሞ አነሳዋለሁ ብሎ ነገር የለም።

እናም ሁለት ዓመት ሙሉ የኖርኩት በነጥብ ነው። ሌሎቹ ከፈተና ሲወጡ "ተመስገን" ይላሉ፤ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ እደምራለሁ፣ አካፍላለሁ። አንዲት ጥያቄ ከሳትኩ ምሳ አይወርድልኝም። ጓደኞቼ "ይቺ ልጅ ሕፃን ሳይሆን ነጥብ ለማዋለድ ነው የምትማረው" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ስሜን ሰሌዳው ላይ አገኘሁት። ፋርማኮሎጂ፣ ዲ። አማካይ፣ ሁለት ነጥብ ሰባ ስድስት።

የሌላ ሰው መስመር ያነበብኩ መሰለኝ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አስደግፌ ደግሜ አነበብኩት። ትዕግሥት ተፈራ ይላል። ስሜ ነው። ፋርማኮሎጂ ደግሞ ከሁሉም ትምህርት የምወደው፣ የመድኃኒቶቹን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ የምወጣው ነበር። ሮጬ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ተዘግቷል። "ነገ ነው የሚመጡት" አለኝ ጥበቃው። ያን ቀን እንዴት እንዳመሸሁ አላውቅም።

ሐሙስ መምህሩ መጡ። ጥላሁን የሚባሉ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ቅሬታዬን ቆመው ሰሙኝና ከመሳቢያቸው የፈተና ወረቀቶች አወጡ። የኔን ፈልገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሰማንያ አንድ።

"ቢ ፕላስ ነው የሰጠሁሽ" አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። ከዚያ ለሬጅስትራር የላኩትን ዝርዝር አውጥተው በጣታቸው እየወረዱ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አየሽ፣ ሁለት ናችሁ።"

እውነት ነው፤ ሁለት ነበርን። እኔ ትዕግሥት ተፈራ ወልዴ፣ ክፍል ሀ። ሌላዋ ትዕግሥት ተፈራ ወርቅነህ፣ ክፍል ለ። ተማሪው እኔን "ትዕግሥት ራቤል"፣ እሷን "ትዕግሥት ቀየት" ነበር የሚለን። ዝርዝሩን የገለበጠው ሠራተኛ ሁለታችንንም "ትዕግሥት ተፈራ ወ." ብሎ ጽፎ አቀያይሮናል። የሷ ፈተና አርባ ሦስት ነበር። በኔ ቢ ፕላስ አማካይዋ ከሦስት ነጥብ ጥቂት አልፏል።

የከፋው ነገር ደግሞ እሷንም የሚያስተምራት ያው ማኅበር መሆኑ ነው። የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተዋውቀን፣ ስማችን አንድ በመሆኑ ስቀን፣ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

መምህር ጥላሁን የእርማት ቅጽ ሞልተው ፈረሙልኝ። ቅጹን እንደ ባንዲራ ይዤ ወደ ሬጅስትራር መስኮት በረርኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ አየት አደረገና መለሰልኝ።

"ልጅቷም መፈረም አለባት።"

"ጋሼ፣ ስህተቱ የእናንተ ነው እኮ! መምህሩ ፈርመዋል፣ ወረቀቴም ይኸው።"

"የማንም ይሁን። ሳታውቅ ውጤቷን ዝቅ ባደርግ ነገ እኔን ነው የምትከሰኝ። የሁለታችሁም ፊርማ ያስፈልጋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ለማኅበሩ ይላካል፤ ከዚያ ወዲያ አልነካውም።"

"ትናንት አገሯ ገብታለች። ቀየት ናት!"

"ስምሽ ትዕግሥት አይደል?" አለኝ። "እንግዲህ ታገሺ።" መስኮቱን ዘጋው።

ስልኳ አይሠራም። ሃያ ጊዜ ደወልኩ። በዚያ ሰሞን ወደ ላይኛው አገር ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፤ መንገዱም እንደዚያው ነው፣ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ዓርብ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ተገኘሁ።

የመሐል ሜዳው አውቶቡስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቆመ። መንገድ ላይ ሁለት ቦታ አስወርደው መታወቂያ አዩ። አንድ ዳገት ላይ ጉሙ አላሳይ ብሎ ሾፌሩ ራሱ ወርዶ መንገዱን እያየ ተመለሰ። ተሳፋሪው ያወራል፣ ቆሎ ይካፈላል፤ እኔ ብቻ መስኮቱን እያየሁ በልቤ እሳደባለሁ። ሬጅስትራሩን፣ ሾፌሩን፣ ጉሙን። መሐል ሜዳ ደርሼ ወደ ቀየት የምትሄድ ፒካፕ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ተጭኜ ሄድኩ።

ቀየት ላይ አንዲት ባለሱቅ ጠየቅኩ። "የኮሌጅ ተማሪዋ፣ የተፈራ ልጅ" ስላት "የባና ሸማኔው ተፈራ?" አለችኝና ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን መንገድ በእጇ አሳየችኝ። አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። ነፋሱ ከፊት ለፊት ይገፋል። በጓሳ ሣር የተከደነች የድንጋይ ቤት ጋ ስደርስ አንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ የሽመና መቀመጫቸው ላይ ሆነው ጥቁር የበግ ጠጉር ባና ይሸምናሉ።

"እንደምን ዋሉ አባባ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?"

"የትዕግሥት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነኝ። እኔም ትዕግሥት ነው ስሜ።"

"የማን ልጅ?"

"የተፈራ።"

ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። "እኔም ተፈራ ነኝ! የቤት ሰው ነዋ የመጣብን። እናንተ፣ ኑ! ሌላ ትዕግሥት መጣችላችሁ!"

እናትየዋ ከቤት ወጡ። ቀጭን፣ ፊታቸው የገረጣ፣ ባና የደረቡ ሴት ናቸው። ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ፣ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ትዕግሥት ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች አሉኝ። የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። ርቦኝ ነበር፣ ግን መብላት አልቻልኩም።

"ከትናንት ወዲያ መጥታ አበሰረችን" አሉ አባትየው አጠገቤ ተቀምጠው። "ይቺ እናቷ ታማ ስለነበር ልጄ ትምህርቷ ይበላሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሚካኤል ግን አላሳፈረኝም። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ስለቴን አገባሁ።"

ምን እላለሁ? ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቅጽ ጎኔን የሚወጋኝ መሰለኝ። "እንኳን ደስ ያለዎት" አልኩ። ከአፌ ወጣ።

ትዕግሥት ጀሪካን ተሸክማ ገባች። አይታኝ ቆመች። ጀሪካኑን ቀስ አድርጋ አወረደች። "ነይ፣ ውጪ እናውራ" አለችኝ፤ ሰላም እንኳ አላለችኝም።

ከቤቱ ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ሥር ቆምን።

"ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ውጤቱን ሳየው ነው ያወቅኩት። ያን ፈተና አልሠራሁትም፤ ግማሹን ባዶ ነው የመለስኩት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ብናገር ማን ይጠቀማል?"

"እኔ ነኛ! የኔ ነው እኮ!"

"እኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት? እጄን ሰድጄ ከመዝገብሽ ወሰድኩ? እነሱ ናቸው የሰጡኝ። እናቴ ታማ መጣሁ፤ ለሦስት ቀን ነበር። መንገዱ ተዘጋና ሃያ ሁለት ቀን እዚህ ቀረሁ። ስመለስ ፋርማኮሎጂ አልቋል። ፈተና አራዝሙልኝ ብዬ የዲን ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። 'መንገድ መዘጋቱን ከወረዳ በማኅተም አስመስክሪ' አሉኝ። ወረዳው ደግሞ 'እኛ መንገድ ተዘጋ ብለን አንጽፍም' አለኝ። ማን ጋ ልሂድ? አንቺ ንገሪኝ፣ ማን ጋ ልሂድ?"

መልስ ስላጣሁ ይበልጥ ተናደድኩ። ቅጹን አውጥቼ ዘረጋሁላት።

"አዝናለሁ። ግን ፈርሚ።"

"አልፈርምም።"

"ሁለት ዓመት የለፋሁበትን?"

"እኔስ? ሁለት ዓመት ተኝቼ ነበር? እነሱ ያበላሹትን እነሱ ያስተካክሉ። እኔ በገዛ እጄ ራሴን አላባርርም።"

"ሌባ ነሽ!" አልኳት። ጮኼ ነው ያልኩት። "ሌባ! የሰው ውጤት ይዘሽ ስለት ታስገቢያለሽ!"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ካቡ መግቢያ ላይ አባቷ ቆመው አየኋቸው። በእጃቸው ጋቢ ይዘዋል፤ ብርድ እንዳይመታኝ ብለው ሊያለብሱኝ የመጡ ናቸው። ትዕግሥት ወደ መሬት አቀረቀረች።

"ምንድን ነው ነገሩ?" አሉ።

እኔ ነገርኳቸው። ስሙን፣ ዝርዝሩን፣ ፊርማውን፣ የሰኞውን ቀነ ገደብ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ሲያበቃ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ውጤቱ የማን ነው?"

"የሷ ነው፣ አባባ።"

"ያንቺስ?"

"የኔ ወድቋል።"

ሽማግሌው ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉና "የሰው ነገር ቤቴ አያድርም። ፈርሚላት" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መወርወሪያው ወዲያ ወዲህ ሲል ተሰማኝ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ከበፊቱ ፈጥኖ።

ትዕግሥት ቅጹን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ብዙ ቆየችበት። ልትጎትተው ነው ብዬ እንደገና ደሜ ፈላ። በመጨረሻ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፣ አንዳች ነገር ልትለኝ ያሰበች መሰለች፣ ግን አላለችም። ፈረመች።

እዚያው አደርኩ። ሌላ መሄጃ አልነበረኝም። ቅዳሜ ከማለዳ እስከ ስምንት ሰዓት መንገድ ዳር ቆሜ፣ በግ የጫነ የአይሱዙ ሾፌር አዘነልኝና ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃን ስገባ ልብሴ ሁሉ በግ በግ ይሸታል። ግን ፊርማው ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ጋ የመጀመሪያዋ ሰው ነበርኩ። ሰውዬው ቅጹን ተቀበለ፣ ገለበጠ፣ ፊርማውን አየ።

"ልጅቷ የታለች?"

"ፈርማለች እኮ። ይኸው።"

"እዚህ እኔ ፊት ቀርባ ነው መፈረም ያለባት።" ጣቱን የቅጹ ግርጌ ላይ አኖረ። በትንንሽ ፊደል ተጽፏል፦ ባለጉዳዮች በሬጅስትራር ሠራተኛ ፊት በአካል ቀርበው ያልፈረሙበት ቅጽ ዋጋ የለውም።

"ሐሙስ ለምን አልነገሩኝም? ቀየት ድረስ ሄጄ የመጣሁት—"

"ተጽፏል። የኮሌጅ ተማሪ አይደለሽም? ማንበብ አትችይም?"

አለቀስኩ። በደንብ ነው ያለቀስኩት። ሰውዬው "ቀጣይ" አለ። ከኋላዬ የነበረው ተማሪ አፍሮ ጎኔን አልፎ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያ ተቀምጬ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ስለ ሰውዬው አይደለም። "ያቺ ልጅ፣ ያቺ ቀየቴ" እያልኩ እሷኑ ነበር የምረግመው።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል በኮሪደሩ መጨረሻ አንዲት ልጅ ስትመጣ አየሁ። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ነጠላዋን እንደተከናነበች ነው። እሷ ናት።

አጠገቤ ደርሳ ቆመች። "ገና ነው አይደል?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"መስኮቱ።" ተነፈሰች። "ዓርብ ዕለት ግርጌውን አንብቤዋለሁ። አንቺ እንዳላነበብሽው ገባኝ። ዋጋ እንደሌለው እያወቅኩ ነው የፈረምኩልሽ። አባቴ ፈርሚ ያለኝን ፈረምኩ፣ አንቺም ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ሰኞ ያልፋል ብዬ።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ትናንት ቅዳሴ አስቀደስኩ። ጸሎቱ አንዱም አልገባኝም። እንደወጣሁ መኪና ፍለጋ ሄድኩ።" ሌላ አላለችም።

አብረን መስኮቱ ጋ ቆምን። ሰውዬው መታወቂያችንን አየ። "እስክሪብቶ" አላት። የመጀመሪያው ፊርማዋ ሥር ሁለተኛውን ፈረመች። ማኅተሙን መታው። የሁለታችን ሕይወት የተቀየረው ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው፤ ሰውዬው አንድም ቃል ሳይተነፍስ። ይቅርታ እንኳ አላለንም። እኛም አልጠየቅነውም። ከዚያ መስኮት ጀርባ ባለው ቢሮ ስማችንን ያምታታው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ውጪ ስንወጣ "ትዕግሥት፣ ይቅርታ" አልኳት። "ሌባ ያልኩሽን።"

"እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ" አለች። "ባልመጣ ኖሮ ልክ ነበርሽ። ግን አባቴ ፊት ነው ያልሽው።"

እኔ በሦስት ነጥብ ሠላሳ ሁለት ቀጠልኩ። እሷ ተሰናበተች። የተዘጋውን መንገድ፣ ያንገላታትን የማኅተም ጣጣ ሁሉ ዘርዝሬ ለማኅበሩ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። መልሱ በሁለት መስመር መጣ፦ ለአንዷ የተደረገው ለሁሉም መደረግ ስላለበት ደንቡ አይፈቅድም። እነሱም እንደ እኔው ከወጡበት አገር ልጅ ለማስተማር የሚለፉ ሰዎች ናቸው፤ ክፉ አልነበሩም። እሱ ነው የሚያበሳጨኝ። በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ በቀለለኝ ነበር።

ትዕግሥት መሐል ሜዳ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ሁለት ዓመት ሠራች። ከዚያ በራሷ ወጪ በማታው ክፍል ተመልሳ ገባች፤ ዘንድሮ ትጨርሳለች። አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ጓደኛሞች ነን ብዬ ግን አልዋሽም።

ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ በነጥብ ተንጠልጥላችሁ ለምትማሩ፣ "ቅጹን እስከ ግርጌው አንብቡ" ብዬ ምክር ልሰጥ ነበር። እሱማ እውነት ነው፤ አንብቡ። እኔ ግን ከዚያ ሳምንት የተማርኩት ሌላ ነው። የበደለኝ መስኮት ፊት "ጋሼ" እያልኩ ለመንኩ፤ አለቀስኩ። ጩኸቴን ተሸክሜ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዤ የጮህኩት፣ መልሳ ልትጎዳኝ በማትችለው ልጅ ላይ ነው። ፊርማውን መጠየቄ ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እሄዳለሁ፣ እጠይቃለሁ። ውጤቱ የኔ ነው። የዚያ ቀን ድምፄ ግን እስካሁን ያሳፍረኛል። አሁን በጤና ጣቢያ ስሠራ፣ አስታማሚ ሲጮህብኝ መጀመሪያ የማስበው "ይህ ሰው ከየትኛው መስኮት ተገፍቶ መጣ?" ብዬ ነው። ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም፤ እኔም እመልስለታለሁ።

ተመርቄ ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ወር ቀየት ሄድኩ። አባቷ በረንዳው ላይ ነበሩ። እግራቸው ላይ ወድቄ "አባባ፣ ያን ጊዜ ከካቡ ሥር ልጅዎን ሌባ ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

ብብቴን ይዘው አነሱኝ። ዓይኔን ሳያዩ "እኔ እንደዚያ ያለ ቃል በግቢዬ አልሰማሁም" አሉ።

ሁለት እርምጃ ላይ ነበሩ እኮ። ሰምተዋል። ደጋግሜ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ "አልሰማሁም ልጄ፣ አልሰማሁም" ብለው ስለ አዝመራው ጠየቁኝ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታዬን የሚቀበለኝ አጥቼ፣ ይዤው እንደመጣሁ ይዤው ተመለስኩ።